በድምፅ ማጉያው የተሰማው ጉርጉርታ

በአውቶቡስ መናኸሪያው ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር፤ ድምፅዋን የማያውቅ ግን አልነበረም። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ትኬት ቆራጩም «እትዬ ማይክ» ነው የሚላት። ትልቁ ሰዓት ከተሰቀለበት ግድግዳ አጠገብ ባለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጣ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው መቆሚያ እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ የማን ልጅ ጠፍቶ መረጃ ክፍል እያለቀሰ እንደሆነ ስትናገር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ድምፅዋ ወፈር ያለና የረጋ ነው። መጥፎ ወሬ እንኳ በእሷ አፍ ሲነገር ይለዝባል። «ይቅርታ፣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቷል» ስትል ሰዉ ሻንጣውን መልሶ ያስቀምጥና ይጠብቃል እንጂ አይጮህም።

የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲል ከማጉያዎቹ እንግዳ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የምትለውን ብላ ስትጨርስ፣ ማይክሮፎኑን ከመዝጋቷ በፊት፣ ከጠርሙስ ውሃ እንደሚቀዳ ጉርጉር ይላል። አንዳንዴም ወሬው መሃል ይገባል። «የሰሜን መስመር ተሳፋሪዎች፣ ከሦስተኛው» ትልና ጉርጉር ይላል፤ ከዚያ «መቆሚያ» ይከተላል። ሾፌሮቹ መቀለጃ አገኙ። «ሦስተኛው መቆሚያ ውሃ ገብቶበታል፤ ሱሪያችሁን ሰብስቡ» ይላሉ ለተሳፋሪው። እሷ ግን ክፍሏን ዘግታ ስለምትቀመጥ ምንም አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ነገሩ ሲበዛ ኃላፊው ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠራ። ሰውየው የእትዬ ማይክ እኩያ ነው፤ እዚያው መናኸሪያ አብረው ነው ያረጁት። ነገሩን ከሥሩ ሳያገኝ የማይለቅ ሰው ነው። መጀመሪያ ዝናብ የገባበት ማጉያ ቢኖር ነው ብሎ በመሰላል እየወጣ ሁሉንም አወረደ፤ ሁሉም ደረቅ ናቸው። ገመዱን ለወጠ፤ ጉርጉርታው አልተለወጠም። በመጨረሻ አዲስ ማይክሮፎን ተገዛ። አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ጥርት አድርጎ የሚያሰማ ስለነበር ጉርጉርታው ጭራሽ ደምቆ አረፈው።

በማግስቱ እትዬ ማይክ ለምሳ ዞር ስትል አንዲት ትኬት ቆራጭ በእሷ ቦታ ገብታ ተናገረች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አዳራሹ መሃል ቆሞ አዳመጠ። ምንም የለም። ደግማ እንድትናገር ጠየቃት፤ አሁንም ንጹሕ ነው። እትዬ ማይክ ተመልሳ አፏን ስትከፍት ጉርጉር አለ። ሰውየው የጆሮ ማዳመጫ ይዞ ወደ መስታወቷ ክፍል ገባ፤ ማይክሮፎኑን ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ወንበሩ እያዞረ ቆየና ቀስ ብሎ ወደ እሷ አስጠጋው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ» አላት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋሽው የለም። ዕቃው ግን ደኅና ነው። ድምፁ የሚመጣው ካንቺ ነው።»

«ከኔ? ከሆዴ ነው?»

«ከሆድሽ ቢሆንማ አይገርመኝም፤ የማን ሆድ አይጮህም። ከአንገትሽ ነው።»

ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮዋ ላይ አደረገላትና ማይክሮፎኑን ከአንገቷ በግራ በኩል ያዘው። «እስቲ ምራቅሽን ዋጪ» አላት። ዋጠች። አረፋ ያለው ውሃ በጠባብ አፍ ሲወርድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ጆሮዋን ሞላው። ሰውየው ታፍራለች ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። እሷ ግን «ቆይ፣ እንደገና ልዋጥ» አለች።

ከዚያ ደብቃ የኖረችውን ነገረችው። ከዓመት በላይ ሆኗታል፤ የበላችው ተመልሶ ይመጣል። ትውከት አይደለም፤ አያቅለሸልሻትም፣ አይጎመዝዝም። ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ስትል የምሳው ባቄላ እንደ ተበላ አፏ ውስጥ ይገኛል። ጠዋት ስትነሳ ትራሷ ላይ የራት ሩዝ አግኝታ ታውቃለች። በዚህ የተነሳ ከሰው ጋር መብላት ትታ ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ትበላ ጀመር። ትኬት ቆራጮቹም «እትዬ ማይክ ኮራችብን» ብለው ተቀይመዋታል። እሷም ከስታለች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ሆኗል።

«እኔን የሚገርመኝ» አለችው፣ «ሆዴ ሳይገባ የት አድሮ ነው ጠዋት የሚመጣው?»

«እኔ የማውቀው ሽቦ ነው» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። «ሐኪም ጋ ሂጂ።»

ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ጡረተኛ ነው፤ ጆሮው ከከበደ ቆይቷል።

«አንገቴ ይጮሃል» አለችው።

«አንገትሽን ያምሻል?»

«ይጮሃል!» ስትል ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ባልየው ትንሽ አሰበና «እኔ እንኳ ምንም ሰምቼ አላውቅ» አላት።

«አንተ ደግሞ ምን ሰምተህ ታውቃለህ» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ግን በማግስቱ ከእሷ ቀድሞ ለባብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለ መንገዱን ሙሉ መከራት።

የጉሮሮ ሐኪሟ በዕድሜ ልጇ የምትሆን ሴት ናት። አንገቷን በጣቶቿ ዳበስ ዳበስ አደረገችና «እናቴ፣ ቀደም ብለው የበሉት ምግብ ሳይፈጭ ይመለስብዎታል?» ብላ ጠየቀቻት።

እትዬ ማይክ ክው አለች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሲተኙስ ያስልዎታል?»

«ያስለኛል።»

ሐኪሟ ራጅ ክፍል ላከቻት። እዚያ ኖራ የመሰለ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ በብርጭቆ ሰጥተው ስትውጥ በማሽኑ ተከታተሏት። እሷም ካላየሁ ብላ ለመነች፤ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩላት። ነጩ ፈሳሽ ከአፏ ቁልቁል ሲወርድ አየች። ጉሮሮዋ ሥር ሲደርስ ግን ገሚሱ መንገዱን ስቶ ወደ ኋላ ታጠፈና ከምግብ ቧንቧዋ ጀርባ በተንጠለጠለ፣ ዕንቁላል በሚያህል ከረጢት ውስጥ ተኛ። የቀረው ወረደ፤ ያ ግን እዚያው ቀረ።

«ይኸውልዎት» አለቻት ሐኪሟ፤ «ምግቡ የሚያድርበት ቤት ይህ ነው።»

እትዬ ማይክ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል ጥያቄ አወረደችባት። ሐኪሟም አልሰለቸችም። ከምግብ ቧንቧ አፍ ላይ ስንውጥ የሚከፈት ጡንቻ አለ። ጡንቻው በሰዓቱ አልከፍት ሲል ከላይ የሚገፋው ምግብ መሄጃ ያጣል፤ ከኋላ በኩል የሳሳ ቦታ ያገኝና የጉሮሮን ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የተገፋው ሽፋን ከረጢት ይሆናል። አየርና ፈሳሽ እዚያ ሲገላበጥ ነው የሚጮኸው።

«እንዲህ ያለ ነገር ሌላም ቦታ ይወጣል?»

«ይወጣል። አንጀት ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ የሽንት ፊኛም ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ይዞት እየኖረ አያውቀውም።»

«ክፉው በሽታ ነው?»

«አይደለም። ግን ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባ ከገባ አደጋ ነው። ክብደትዎም ቀንሷል። በቀዶ ጥገና ቢሠራ ይሻላል።»

መሣሪያው በአፍ ገብቶ ይሠራል፤ አንገቷ አይቀደድም። በአፍ አልደርስ ካለ ግን በአንገቷ በግራ በኩል ሊከፍቱ ይችላሉ፤ በዚያ በኩል ደግሞ የድምፅ ነርቭ ያልፋል፤ የመነካቱ ዕድል ጠባብ ቢሆንም አለ። ሐኪሟ ይህን ስትነግራት እትዬ ማይክ እጇን አንገቷ ላይ አደረገች። ባሏ ከንፈሯን እያየ ይጠብቅ ነበር።

«ከረጢቱን ታወጪዋለሽ ማለት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አላወጣውም። በከረጢቱና በቧንቧው መሃል ያለውን ግድግዳ ነው የምቆርጠው። ሁለቱ አንድ ክፍል ይሆናሉ፤ ምግቡም የሚወሸቅበት ጥግ ያጣል።»

ይህ ደስ አላት። ለምን ደስ እንዳላት ለባሏ ልታስረዳው ብትሞክር አልሆነላትም። «ብቻ ብልሃቱ ጥሩ ነው» አለችውና ቀን አስያዘች።

በአፍ ተሳካ። ስትነቃ ጉሮሮዋ እንደ ተቃጠለ ነበር፤ ለጥቂት ቀን ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ላላ ያለ ምግብ ብቻ ተፈቀደላት። ድምፅዋም ቀጥኖና ሻክሮ ስለነበር ሥራ እንዳትገባ ተነገራት።

አንድ ቀን ከምርመራ ስትመለስ በመናኸሪያው በኩል አለፈችና አዳራሹ ውስጥ፣ ከኋላ ካሉት አግዳሚዎች አንዱ ላይ ተቀመጠች። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ስትናገር እዚያ ተቀምጣ አታውቅም። ትኬት ቆራጯ የምሥራቅ መስመርን ስትጠራ እትዬ ማይክ ከወፍራሙ ዓምድ ኋላ ሆና አንድ ቃል እንኳ አልለየችም፤ ድምፁ ከጣሪያው ጋር እየተጋጨ ይመለሳል። ጎኗ የተቀመጠችው ሴት «እህት፣ ምን አለች?» ብላ ጠየቀቻት። «እኔም አልሰማሁም» ስትል ራሷን ታዘበች። በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሄዳ በዚያች በሻከረች ድምፅ ነገረችው። ሰውየው አላመናትም፤ ሄዶ ተቀመጠ፤ ከዚያ መሰላሉን ሊያመጣ ተነሳ።

ድምፅዋ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሥራ ስትገባ ከድሮው ረጋ ብላ፣ ቃል ከቃል እየለየች መናገር ጀመረች። ለምሳ ደግሞ ሣህኗን ይዛ ወደ ትኬት ቆራጮቹ ክፍል ወረደች። ቅያሜውን ማን ቀድሞ እንደሚያነሳው እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ግን ሁሉንም ከሥሩ አጫወተቻቸው፤ በሣህኗ ባለው ምግብ ላይ በሹካ እያሳየች ከረጢቱ የት እንደነበረ ስታስረዳ አንደኛዋ «ኧረ እንብላበት» አለችና ሁሉም ሳቁ፤ ወንበሯንም አስጠጉላት።

አንድ ወጣት ሾፌር ግን ዳቦውን እንደ ጎረሰ ማኘኩን አቁሞ ነበር። አንገቱን ዳበሰና «እትዬ ማይክ፣ እኔ እንዳለኝ በምን አውቃለሁ?» አላት።

«የበላኸው ተመልሶ ከመጣ ሐኪም ጋ ሂድ» አለችው። «ካልመጣ ብላ፤ አውቶቡስህን ልጠራው ነው።»