የማይዘጋው ኮምፒውተር

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት እስከ አስር ሶላት ያለችው ጊዜ የኔ ነበረች። ከፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ በሳምንት የሚለቀኝ ለዚያች ብቻ ነው። አንዴ ዘግይቼ ብመለስ ሦስት ዓርብ ከልክሎኛል። የቀረውን ቀን እዚህ ዓረብ አገር፣ ፈይፋ ተራራ ላይ ፍየሎቹን እጠብቃለሁ፣ የቡናውን እርከን እኮተኩታለሁ። አማርኛ የማወራው ከፍየሎቹ ጋር ነው፤ እነሱም የለመዱት ዓረብኛ ነው። ዓርብ ሲደርስ በፒክአፕ ኋላ ተጭኜ ከተራራው ሥር ወዳለችው ከተማ እወርድና እናቴን አያታለሁ።

የማያት በኮምፒውተር ነው። ስልኬ ድንበር ስሻገር ጠፋ፤ የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ፣ ለሌለው ሰው ደግሞ ሲም ካርድ የሚያወጣለት የለም። ኮምፒውተሩ የሁላችን ነበር። አንድ የወሎ አዛውንት፣ ወረቀት ያላቸው ልብስ ሰፊ፣ ከሱቃቸው ጀርባ በመጋረጃ በተከለለች ክፍል አስቀምጠውልናል። ከየተራራው የሚወርድ ያገር ልጅ ሁሉ ከቤተሰቡ የሚገናኘው እዚያች ክፍል ተቀምጦ ነው። እናቴም በበኩሏ ከገጠር ወደ ከተማ ወጥታ የእህቷ ልጅ ሱቅ ውስጥ ትጠብቀኛለች። የመመለሻ መኪናዋ ከአስር በፊት ይነሳል።

ችግሩ የኮምፒውተሩ አከፋፈት ነበር። የይለፍ ቃሉን ስትጽፍለት በዓረብኛ «መርሐባ» ይልህና አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች። ከዚያ ቁጭ በል። ግማሽ ሰዓት የጠበቅኩበት ቀን አለ፤ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አንዴ ከተከፈተ ማንም አይዘጋውም፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጥበታል፣ ሳምንቱን ሙሉ እንደተከፈተ ይከርማል። ልብስ ሰፊው ግን ለጁምዓ ሱቁን ሲዘጉ ያጠፉታል። ከሶላት በኋላ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ስለሆንኩ፣ የሳምንቱ መንቀራፈፍ ሁሉ የሚወድቀው በኔ ላይ ነበር።

አንድ ዓርብ የእናቴ ፊት ሲመጣልኝ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። «በል ሆዴ፣ መኪናው ጥሩንባ እየነፋ ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ» አለችና ተነሳች። ያየሁት ግንባሯን ብቻ ነው። ያን ቀን መኪና ላይ ወጥቼ እስከ ተራራው ድረስ አለቀስኩ፤ ለማን ብዬ እደብቃለሁ?

አገር ቤት ሁለት ዓመት የኮምፒውተር ጥገና ተምሬያለሁ። ፍየል ጠባቂ መሆኔን ረስቼ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ከፊሌ ለዘመድ ሠርግ ጂዛን ሲወርድ ሁለት ቀን ፈቀደልኝና ኮምፒውተሩን ገልብጬ አየሁት። ዕቃው ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የኛ ነበር። ስሙን መስጠት የሚወድ ስላልነበረ ሁላችንም «ሐበሻ» በሚል በአንድ መግቢያ፣ በአንድ የይለፍ ቃል፣ በአንድ የጥሪ አድራሻ እንገለገል ነበር። ገጹ በሠርግ ቪዲዮ፣ በጅምር ቤት ፎቶ፣ በበግ ፎቶ ተሞልቷል። ሁሉም ሰው የወደደውን ፕሮግራም ጭኖ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ያ ሁሉ በአንዴ ልነሳ ይላል። አዛን የሚያስታውስ ፕሮግራም ብቻ አምስት አገኘሁ፤ አንዱ የደሴን ሰዓት፣ አንዱ የመካን፣ አንዱ የማንን እንደሆነ እንጃ።

ለእያንዳንዱ የራሱን መግቢያና የራሱን የጥሪ አድራሻ ላበጅለት ወሰንኩ። ስም የሚፈራ የመንደሩን ወንዝ ስም ይስጠኝ አልኩ። እኔ ቦርከና ሆንኩ። ፎቶውን የሚፈልግ እንዲወስድ ነገርኩና «ሐበሻ»ን ከነኮተቱ ሰረዝኩት። «ስትጨርሱ ዝጉ» ብዬም በወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ሁሉንም በየቤቱ አስገብተህ ስትቆልፍበት፣ ሲጠራ ማን ያነሳዋል?» አሉኝ።

«ባለቤቱ ያነሳዋላ፣ አባዬ!» አልኩ። «የሰው ገመና ነው። ከእንግዲህ አንቱም አይንኩት።»

«ኸላስ፣ አልነካም» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ነገሩ ያልገባቸው መስሎኝ በሆዴ ሳቅሁባቸው።

በሚቀጥለው ዓርብ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፤ ክቧ ሁለቴ ዞረችና ተከፈተ። ያን ቀን ከእናቴ ጋር እስኪበቃን አወራን። ከዚያ በኋላ የመጣው ዓርብም እንዲሁ። ግን ሰዓቱ ሲረዝም ወሬው አጠረ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ለምን እንደከፋኝም አላወቅኩም።

በሦስተኛው ዓርብ ግን እናቴ ድንገት፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለችኝ።

«የትኞቹ ልጆች?»

«ያ ሐሩብ ከሚሉት ተራራ የሚወርደው፣ የሚያስለው። እሱ ተሻለው? ሽማግሌውስ፣ ልብስ ሰፊው?»

«አንቺ የት ታውቂያቸዋለሽ?»

«ማክሰኞ ለገበያ ስወጣ እደውል ነበራ» አለች። «ያገኘሁት ያነሳልኛል። ‹ተራራ ላይ ነው፣ ደህና ነው› ይሉኛል። ከዚያ ስለ ጉልበቴ ይጠይቁኛል። ስሙን ከቀየርከው ወዲህ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሰው የለም። ተጣልታችሁ ነው?»

«ጉልበትሽ ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም አልሆነ፤ ክረምቱ ነው። አንተን በዚያች ቅንጥብጣቢ ሰዓት በምን አስጨንቅሃለሁ?»

ጉልበቷን እንደሚያማት ለኔ አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ስማቸውን እንኳ ለማታውቃቸው ሰዎች ነግራለች። ወላሂ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው፤ ኀፍረቱ ኋላ ነው የመጣው። ኮምፒውተሩ መንቀራፈፉ ነበር ሳይዘጋ ያቆየው፤ ሳይዘጋ መቆየቱ ነበር ለእናቴ ሰው የሚያነሳላት።

ልትነሳ ስትል፣ «አንድ ወልጄ ስንት ልጅ ነበረኝ» አለች። «አሁን አንድ ብቻ ሆንክብኝ።» ቅሬታ አልነበረም፤ ሳቅ እያለች ነው ያለችው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን መልቀሙም አልሆነልኝ። ያኑ ዕለት «ሐበሻ»ን እንደገና ከፈትኩ፤ አዲሱን አድራሻም ለእህቷ ልጅ ላክሁ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ቀድጄ «አትዝጉ፤ ሲጠራ ያለ ያንሳ» ብዬ ጻፍኩ። የሰረዝኩት አድራሻ ግን ተመልሶ አልመጣም፤ ድሮ የሚደውሉት እናቶች በምን ያገኙናል? ሰዉም በየራሱ መግባትን ለምዷል። የሚያስለው ልጅ ከሐሩብ ወጥቶ ወደ ድንበሩ፣ ወደ አል-ኹባ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። በናቱም በኩል የሚደውል ቢኖር የሚጠራው የተሰረዘውን ነው። ይኼን ሳስብ እስከዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ወደ ልብስ ሰፊው ሄጄ፣ «ዐውፉ ይበሉኝ፣ አባዬ። ሲጠራ ያንሱልኝ» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ፣ «የሰው ገመና ነው ብለህ የለ?» አሉ። መርፌያቸውን በምላሳቸው ያረጠቡትን ክር አጎረሱት። «ያላ ሂድ፣ መኪናህ ያመልጥሃል።» አነሳለሁም አላነሳም አላሉኝ።

በተከታዩ ዓርብ ኮምፒውተሩ ወዲያው ተከፈተ። እናቴ አልነበረችም። ደወልኩ፤ የእህቷ ልጅ፣ «አልመጣችም፣ ጉልበቷ ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ። ሰዓቱን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ማንም አልገባም፤ ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ብቻ ይጮኻል። የፒክአፑ ጥሩንባ ሲነፋ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋው ተነሳሁ።

ፒክአፑ ላይ እንደወጣሁ ከሱቁ ውስጥ ጥሪ ተሰማ። ሹፌሩ የከፊሌ ወንድም ልጅ ነው፤ «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብዬ ጣሪያውን ደበደብኩ፤ «ያላ፣ ያላ» ብሎ ነዳው። መንገዱ ላይ በግ ሞልቶ ነበርና በቀስታ ነው ያለፍነው። ሁለቴ ጠራ። ሦስቴ ጠራ። ከዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«አሁን ወጣ፣ ደህና ነው» ሲሉ ሰማሁ፤ ሽማግሌው ኮምፒውተሩ ላይ ይጮኻሉ። «አንቺስ፣ እህቴ፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ?»

መልሷን ሳልሰማ በጎቹ መንገዱን ለቀቁልን።