ባሕሩ ላይ የጨመርኳቸው አውሮፕላኖች

ማክሰኞ፣ ከልደታ ወደ ናይሮቢ

የቀበሌውን ድጋፍና የመውጫ ቪዛውን ስንት ደጅ ጠንቼ አግኝቼ፣ ማለዳ ከልደታ ማርያም በታች ታክሲ ያዝኩ። የምሄደው የየአገሩ የአቪዬሽን ሰዎች በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወደፊት ስንት አውሮፕላን እንደሚበር ለመተንበይ ወደተጠሩበት ስብሰባ ነው። የሳተላይት የሬዲዮ መስመር የሚደለደለው በዚያ ትንበያ ነው። ባሕር መሃል የተለመደው ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል፤ አብራሪ የሚያነጋግረው ያጣል።

የአገራችንን የበረራ ቁጥር የሰበሰቡት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤታችን የሬዲዮ ክፍል አንጋፋ፣ የጌጃ ሰፈር ሰው። ወደ ቦምቤይ የተሻገረውን በረራ ሁሉ በደብተር መዝግበው ሲሰጡኝ፣ «አንድ አልጨመርኩ፣ አንድ አልቀነስኩ። አደራ!» ብለውኛል። እኔ ግን፣ ሐፍረቴን ውጬ ልናገረው፣ ጨመርኩበት። በደርግ ጊዜ ከዕቅድ በታች ሪፖርት ማቅረብ ያስጠረጥር ነበር። ደርግ ቢወድቅም እጄ ለምዶ፣ ማንም ሳያዘኝ ቁጥሩን እጥፍ አድርጌ አስተየብኩት።

ረቡዕ፣ ስብሰባው

ቁርስ ማንዳዚ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ ወተት በገባበት ሻይ በላሁ። መንገዱ ላይ ሐምራዊ አበባ ረግፏል። ደስ ያለኝ እስከዚያ ብቻ ነው።

ከሰዓት ተራዬ ደርሶ ቁጥሬን አነበብኩ። አንድ ሸበቶ ሕንዳዊ የራሳቸውን ወረቀት ከእኔው ጋር አስተያዩ። ለካ ከእኛ የተነሣው እነሱ ዘንድ ያርፋል! እኔ ጅሉ ይህን እንኳ አላሰብኩም።

«እኛ ጋ የደረሰው ግማሹ ነው። የቀረው ባሕር ገባ?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት» ማለት እየቻልኩ፣ «መዝጋቢያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ተሳስተው ይሆናል» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይም «የመዝጋቢ ስሕተት» ተብሎ ተጻፈ፤ የእኛ የበረራ መስመር ከትንበያው ወጣ።

ዓርብ፣ ጌጃ ሰፈር

ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ቤቴ ሳልገባ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ጫማ ይጠርጋሉ።

«እህሳ፣ ቁጥሬ ሰው ፊት ቆመ?»

አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ብሩሹን አስቀመጡ።

«ስንት ዘመን ሙሉ አብራሪው ባሕር መሃል የእኔን ድምፅ አምኖ ነው የሄደ። አሁን ተሳሳተ ተብዬ ተጻፍኩ?»

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

ወንበር አመጡልኝ። «ቁጭ በል። ማን እንደጨመረ ስምህን አስገብተህ ለስብሰባው ሰዎች ጻፍላቸው።»

ጻፍኩ። ደብዳቤው በአለቃዬ እጅ እንደሚያልፍ፣ ከሥራም ሊያስወጣኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ ወረቀት ላይ እንዲያ በቀላሉ የማበዛው ቁጥር የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ሥራ መሆኑን ነው።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ሽማግሌ ያልከውን እንኳ ተወው፤ እሱ እውነት ነው» አሉኝ።

ቢስቁ ይቀለኝ ነበር። አልሳቁም።