ያልታመምነው እኔና ልጄ

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከባለቤቴ እናት ጋር ነበር የምንኖረው። የጎረቤት ልጅ ክርስትና የተነሳ ዕለት ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ግቢው በሙሉ ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው ጀመር። መጸዳጃ ቤቱ ለሁላችንም አንድ ነው፤ ወረፋ መጠበቅ ያቃተው ባልዲ ላይ ይቀመጣል። ባልዲውን የምደፋው እኔ ነበርኩ። ከእኔና ከትንሿ ልጄ በቀር በእግሩ የቆመ አልነበረም።

አማቴ ከሁሉም ባሰባቸው። ከፋርማሲ ያመጣሁትን ኦአርኤስ በጥብጬ፣ «እማዬ፣ ትንሽ ይጠጡ» ስላቸው ኩባያውን ገፍተው ደረቴ ላይ ደፉት።

«ሠርታ ያበላችው እሷ፣ ምነው እሷን አላመማት?» አሉ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብለው። «በልታን ነው!»

ባለቤቴ አጠገባቸው ተኝቶ ይሰማል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲደክሙብኝ በታክሲ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ነፍስ ዘሩ። ሐኪሟ ቫይረስ ነው አለች።

«አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ አንጀቱ ላይ ቫይረሱ የሚጣበቅበት ነገር ስለሌለው አይታመምም። አንቺና ልጅሽ እንደዚያ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከእናትም ከአባትም በዘር የሚመጣ ነው፤ ራሱ የታመመ ወላጅም ያወርሰዋል።»

አማቴ አልጋው ላይ ሆነው ይሰማሉ። በሐኪም አፍ ነፃ የወጣሁ መስሎኝ እፎይ አልኩ።

ቤት እንደተመለስን ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው መጡ። አማቴ ትራስ ተደግፈው፣ «ሐኪሟም መሰከረች» አሉ። «በዘር ነው አለች። ቡዳስ በምን ኖሯል የሚተላለፈው?»

አንዷ ሳቀች። ባለቤቴን፣ «ከአባትም ጭምር ነው ያለችው፤ ንገራቸው እንጂ» አልኩት።

«እኔማ ታምሜያለሁ» አለ።

በዚህ መሀል ልጄ ከውጭ ሮጣ ገባችና አያቷን ልትስም ጎንበስ አለች። አማቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጨዋታ መሰላት፤ እየሳቀች ነጠላውን ልትገልጥ ስትል እጇን በኃይል መቷት። «አርቁልኝ ይቺን!»

ከዚያ ወዲያ የግቢው ልጆች ከእሷ ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። ሰፈሩ ሲፈርስ ባለቤቴ እናቱን ይዞ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ እኛን ኑ ያለን የለም። እኔና ልጄ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየን።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ትምህርት ቤት የክፍሏ ልጆች እየተከታተሉ አስመለሳቸው። አንድ ጠዋት ሆዷን ይዛ ከአልጋ አልነሳም አለች። ግንባሯን ብዳስሳት ቀዝቃዛ ነው።

«የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

«ለመምህሯ አሟታል በያት» አለችኝ። «እባክሽ እማ፣ እኔም አሞኛል በያት።»