ጣቴ ላይ የቀረው ነሐስ

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ግራ ጣቴ ላይ የቧንቧ ነሐስ አጥልቄ ነበር... ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ቀን ቀን ደብረ ብርሃን አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ለራሴ ጊታር እጫወታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ በስላይድ የመጫወት አባዜ ይዞኛል። ስላይድ ማለት ጣት ላይ የምትጠለቅ አጭር ቱቦ ናት። ክሩን በጣት መጫን ትተህ ቱቦዋን ከላይ ከላይ ታንሸራትታለህ፣ ጊታሩ እንደ ሰው ማንጎራጎር ይጀምራል።

እኛ ከተማ የሚሸጥ ስላላገኘሁ በእጄ የገባውን ሁሉ ሞከርኩ። ከጠርሙስ አንገት ያስቆረጥኩት መስታወት ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ጆሮ ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል። የመካኒክ ጎረቤቴ ቱቦ መሳይ የካንዴላ መፍቻ ብረት ነውና ይጮሃል፣ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ ነው የሚመስለው። ከቧንቧ ሠራተኛ የለመንኩት ነሐስ ግን ከበድ ይላል፣ ድምፁም ወፈር ብሎ ቶሎ አይጠፋም።

ሁሉንም ለሰሚራ በስልክ አሰማኋት። ሰሚራ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት።

«መስታወቱ ይሻላል» አለችኝ።

«ነሐሱ እኮ...»

«መስታወቱ አልኩህ። ነሐሱ የተኮሳተረ ሽማግሌ ነው የሚመስለው።»

እኔ መች ሰምቼ። ነሐሱን መረጥኩ።

ቅዳሜ ዕለት አልዩ አምባ ወርጄ የሰሚራን አባት ሐጂን ማግኘት ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ሄደው ጠይቀዋል፤ ሐጂ ደግሞ «ልጁን ልየው፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ብለው ልከዋል። አጎቴ ሰይድ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ሲያስጠነቅቀኝ ነው የከረመው።

«ሐጂ ልጃቸውን ለዘፋኝ አይሰጡም። ፋርማሲውን አውራ፣ ጊታሩን እርሳው።»

የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጣት እንኳ ይኮሰምናል። ነሐሱ ሰተት ብሎ ገባ። ክብደቱን ልልመደው ብዬ እንዳጠለቅኩት ቁርስ ስበላ አጎቴ መጥቶ ክላክስ አደረገ... እጄን ጃኬት ኪስ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ።

አንኮበርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ቀሰቀሰኝ። ጃኬቴን ላወልቅ ስል... ነሐሱ። ጎተትኩት። ወይ ፍንክች። ደጋ ላይ የከሳው ጣቴ ቆላ ሲወርድ አብጦ ሞልቶታል። አጎቴ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«እዚያ ስንደርስ አንተ ዝም በል፣ እኔ እናገራለሁ» አለ።

ሐጂ ቤት ገብተን ሰላምታው ሳያልቅ ዓይናቸው ጣቴ ላይ አረፈ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ተሰብሮ ነው ሐጂ» አለ አጎቴ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። «ሐኪም ነው ያሰረለት።»

«በነሐስ?»

«አዲስ ሕክምና ነው።»

የሐጂ ችግር ደግ ሰው መሆናቸው ነው። አፌን ሳልከፍት ጎረቤት ያሉትን ወጌሻ አስጠሩልኝ። ወጌሻው ቅቤ በትሪ ይዘው መጡ። «ቢስሚላህ» ብለው ጣቴን ቅቤ በቅቤ አደረጉት፣ አሹት፣ ጠመዘዙት፣ ሳቡት... ነሐሱ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሳቸው ግን አንጓ በአንጓ ዳሰሱኝና ወደ ሐጂ ዞረው ተናገሩ።

«ይሄ ጣት ምንም አልሆነም። ሰላም ነው።»

አጎቴ ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝና የጊታሩን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሐጂ ነሐሱን አንስተው አገላበጡት።

«ዘፋኝ ነህ?»

«የለም ሐጂ፣ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ይሄ ለራሴ ነው።»

«እና በዚህ ነው የምትመታው?»

«አንሸራትተዋለሁ። በመስታወትም ይሆናል። መስታወቱ ለስለስ ይላል፣ ነሐሱ ወፈር።»

«ሰሚራ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። መስታወቱን ነው የምትወደው።»

ነሐሱን ቅቤው ያለበት ትሪ ላይ መለሱትና «አስበንበት እንልካለን» አሉ። ይሄ በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰሚራን በአንድ የቧንቧ ቁራጭ አጣኋት ብዬ ልቤ ተሰበረ።

በዚህ መሃል የዙሁር አዛን ተሰማና ሰው ሁሉ ለሶላት ሊታጠብ፣ ለውዱእ ወጣ። ያን ነሐስ ከፊታቸው ባነሳው ይሻላል ብዬ ተመለስኩ... ሐጂ ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል። አንድ እጃቸው ትከሻቸው ላይ ካለው ፎጣ ስር ነው። ትሪው ላይ ነሐስ የለም።

«በሩን መለስ አድርገው» አሉኝ ቀስ ብለው።

እጃቸውን አወጡ። ነሐሱ ትንሿ ጣታቸው ላይ ግጥም ብሏል።

«እንዴት እንደሆነ ልየው ብዬ ነው... አሁን ውዱእ ላደርግ ነው። ውሃው ጣቴን መንካት አለበት።»

ከውጭ አጎቴ «ሐጂ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው» ይላል። ተንበርክኬ ወጌሻው ያደረጉትን አደረግኩ። ቅቤ ቀባሁ፣ አሸሁ፣ ጠመዘዝኩ። ሐጂ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። በስንት መከራ ወጣ።

«ያየ ሰው አለ?»

«ማንም የለም ሐጂ።»

«አንተስ?»

«እኔም አላየሁም።»

ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያሉት።

ከሶላት መልስ ሁሉም እንደተቀመጠ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጁን አየሁት። ምስጢር የሚይዝ ልጅ ነው። ዱዓ አድርጉ» አሉ። አጎቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ነሐሱን ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበትና ስንሰነባበት ጠጋ ብለው «አንተ በመስታወቱ ተጫወት» አሉኝ።

ማታ ሰሚራ ደወለች። «አባዬ እጁ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ምን አድርጋችሁት ነው?»

የሰው ምስጢር አላወጣም አልኳት።

እናንተም አደራ... ሐጂ ፌስቡክ የላቸውም፣ ሰሚራን ግን ለዛሬ ብሎክ አድርጌያታለሁ።