ከሻንጣው ጋር

ከዴልሂ በአውሮፕላን ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ገበሬ መሆናቸውን ነግረውኝ ነበር። በኮታቸው ላይ ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ደርበው፣ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። አስተናጋጇ ምግብ ስታቀርብላቸው ተነሥተው ሊቀበሏት ሲሉ ቀበቶው ያዛቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀበሏት፤ ግን አልቀመሱትም።

ጥቂት ቆይተው ጠሯት።

«የኔ ልጅ፣ ከታች ሻንጣው ያለበት ቦታ ይበርዳል?»

«ትንሽ ይበርዳል አባባ። የሚበላሽ ዕቃ ጭነዋል?»

«ልጄን ነው። ላሳክመው ወስጄው፣ ይኸው በሳጥን ይዤው እመለሳለሁ።»

ባናውን አውልቀው ዘረጉላት። «ይችን ጣል ታደርጊለት እንደሆን ብዬ ነው።»

ልጅቱ መተላለፊያው ላይ ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። እየበረርን እዚያ መግባት እንደማይቻል ነገረቻቸው።

«ይሁን፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሏት።

እሷ ስትሄድ ባናውን አንሥቼ ትከሻቸው ላይ ልመልስላቸው ሞከርኩ። ቀስ ብለው እጄን ገፉት።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «ሁለታችንንም ይብረደን።»