የወይዘሮ ለተንኪኤል ካሪቡ

ባንታየሁ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር ውስጥ የከፈተው ምግብ ቤት እንዲገኝ ሳይሆን እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ከረጃጅም ፎቆች ጀርባ፣ በጠባብ ቅያስ መጨረሻ ላይ ተደብቋል። ዝናብ ሲመታው የሚያብጥ ሰማያዊ የእንጨት በር አለው፤ እንግዳ መጥቶ ገፋ ሲያደርገው እንቢ ይላል፣ እንግዳውም «ዝግ ነው» ብሎ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጉድ እያለ ቤቱ ለዓመታት ሰው ያላጣው በአንዲት ሴት ድምፅ ነበር።

ወይዘሮ ለተንኪኤል አስመራ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተዋል። አገር ሲገለባበጥ ናይሮቢ ገቡ። ባንታየሁ ያንን ድምፃቸውን አንድ ቀን እንደሰማ የምግብ ቤቱን ስልክ አስረከባቸው። «ካሪቡ!» ብለው ያነሳሉ፤ በስዋሂሊ «ይግቡ፣ እንኳን ደህና መጡ» እንደማለት ነው። ከዚያ በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በስዋሂሊም፣ ደዋዩ በሚገባው ቋንቋ እጁን ይዘው የሚያመጡት ያህል ይመሩታል። በሩን በትከሻህ ግፋው፣ አልተቆለፈም። ሁለተኛዋ ደረጃ ተሰብራለች፣ ብረቱን ያዝ። አዎ፣ የጾም አለን። የጠፋ ሰው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይገኝ ነበር።

ኋላ ጉሮሯቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ሕይወታቸውን አተረፉ፤ ድምፃቸውን ግን ማትረፍ አልቻሉም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ለወይዘሮ ለተንኪኤል ግን የቀረባቸው ከደጃዝማችነት የሚበልጥ ነበር። ስልኩን ባንታየሁ ማንሳት ጀመረ። ባንታየሁ ወጥ ይሠራል እንጂ መንገድ መንገር አልፈጠረበትም፤ «ዝም ብለህ ና፣ ታገኘዋለህ» ነው የሚለው። አያገኙትም። ወንበሮቹ ባዶ መዋል ያዙ፤ ወይዘሮ ለተንኪኤልም ጓዳ ገብተው ምስር መልቀም ጀመሩ። ሂጂ ያላቸው የለም። እሳቸው ግን «እንግዲህ ለዚህ ቤት ምኑ ነኝ?» እያሉ በውስጣቸው ይብሰለሰሉ ነበር።

የባንታየሁ ልጅ ሳምራዊት እዚያው ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት። ሥራዋ የድርጅቶችን ድረ ገጽ ማሰናዳት ነው፤ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ቶሎ ብለው ፊት እንዲወጡለት ታደርጋለች። አንድ ቀን ጓዳ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትዬ ለቴ፣ ሰው አሁን ታይፕ ማድረግ ትቷል። ስልኩን በአፉ ነው የሚጠይቀው፤ ላይክ፣ ድሮ እርስዎን ይጠይቅ እንደነበረው። ስለኛ ቤት ግን ስልኩ ምንም አያውቅም፣ ካቢሳ፣ በጭራሽ!»

እሳቸው በእጃቸው «ታዲያ እንዴት ይወቅ?» አሏት። ሳምራዊት መደርደሪያው ላይ ወደተደረደሩት ጣሳዎች ጠቆመች።

«በርበሬውንና ሚጥሚጣውን እርስዎ አሽትተው ይለዩታል። አዲስ ሠራተኛ ግን ጣሳው ላይ ካልተጻፈለት ወጡን ያበላሸዋል። ስልኩም አያሸትም። ይህ ስማችን ነው፣ ይህ ሰፈራችን፣ ይህ ጥያቄ፣ ይህ መልሱ እያልን ድረ ገጻችን ውስጥ እያንዳንዱ ላይ እንለጥፍለታለን። ጥያቄዎቹን ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እውነቷን ነው። ወይዘሮ ለተንኪኤል መነጽራቸውን አድርገው በስልካቸው መጻፍ ሲጀምሩ የዓመታት ጠያቂ ሁሉ ጆሯቸው ላይ መጣ፤ የተጣደፈው፣ የተቆጣው፣ የሚያፍረው። መክፈቻና መዝጊያ ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ጻፉትና ሳምራዊት እየሳቀች አስተካከለችው፤ አለዚያ ስልኩ በጠራራ ቀትር ዝግ ነው ሲል ይውል ነበር።

ክርክሩ የተነሳው ኋላ ነው። እያንዳንዱን መልስ በካሪቡ ጀምረውታል። «ማሽን እኮ ካሪቡ አይፈልግም፤ ሾርት መልስ ነው የሚወደው» አለች ሳምራዊት። ባንታየሁ ደግሞ በሩ ማበጡና ደረጃው መሰበሩ አልተዋጠለትም። «ገመናችንን ለዓለም?» አለ። አናጢ መጥራት ግን ትዝ አላለውም። ወይዘሮ ለተንኪኤል ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱና እንዲህ ብለው ጻፉላት፦ «ደጅ የቆመ ሰው ካሪቡ ሳይባል አይገባም።» ሳምራዊት ተሸነፈች፤ ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛና ወደ ስዋሂሊ መልሳ እንዳለ ለጠፈችው።

ሳምንታት አለፉ፤ የተለወጠ ነገር የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ባንታየሁ ያሾፋል። ወይዘሮ ለተንኪኤል ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ረጅሙ ዝናብ በገባ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባንታየሁ ገበያ ወጥቶ ሳለ ሰማያዊው በር ነቅነቅ አለ። ተገፋ፤ እንቢ አለ።

«ሆዲ!» አለ ከውጭ የወንድ ድምፅ።

በዚያ አገር ጨዋ ሰው ደጅ ላይ ሆዲ ብሎ፣ ካሪቡ እስኪባል ይቆማል። መልስ ካጣ ይሄዳል። ወይዘሮ ለተንኪኤል ምስሩን ጥለው በሚያዳልጠው ግቢ መሮጥ ጀመሩ። «ሆዲ!» አለ ሰውየው እንደገና። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። በሩ ዘንድ ደርሰው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሰውየው ስልኩን በስዋሂሊ ሲጠይቅ ሰሙት፦ ይህ ምግብ ቤት ክፍት ነው? እንዴት ነው የሚገባው?

«ካሪቡ» አለ ስልኩ። «ክፍት ነው። ሰማያዊው በር በዝናብ ያብጣል እንጂ አልተቆለፈም፤ በትከሻዎ ይግፉት። ሁለተኛዋ ደረጃ ተሰብራለችና በግራ በኩል ያለውን ብረት ይያዙ።»

ወይዘሮ ለተንኪኤል እጃቸውን እንደዘረጉ ደርቀው ቀሩ። የራሳቸው ቃል ነው! ካሪቡዋ እንኳ አልቀረችም። ከጓዳ ወጥታ፣ በየት በየት ዞራ ከማያውቁት ሰው ኪስ እንደተገኘች አንድዬ ይወቀው። እያማተቡ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ ዛሬ የእኔን መስመር ማን አገናኘው?» አሉ በልባቸው። ዝናቡ ያበስብሳቸዋል፤ እሳቸው አልታወቃቸውም።

በሩ በትከሻ ተገፍቶ ተከፈተ። ነጭ ዘንግ የያዘ ጎልማሳ ገባ፤ ዓይነ ስውር ነው። ግራ እጁ ብረቱን ፈልጎ አገኘው፤ እግሩ የተሰበረችውን ደረጃ ተሻግሮ አለፈ። «ሰው አለ?» አለ። እጁን ያዙት። ሳቀ።

«ማማ፣ ይቺ ስልክ ቀኑን ሙሉ ግራ ታጠፍ፣ ቀኝ ታጠፍ ስትለኝ ነው የምትውለው። ካሪቡ ስትለኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ማነው ያስተማራት?»

እኔ ነኝ እንዳይሉት ድምፅ የለም፤ በምልክት እንዳያስረዱት እሱ አያይም። እጁን ወስደው ደረታቸው ላይ አሳረፉት። ልባቸው ሲመታ በመዳፉ አዳመጠ፤ ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ።

«አሳንቴ፣ ማማ» ብሎ አመሰገናቸው።

ለአሳንቴ መልሱ ያው ካሪቡ ነው። ወይዘሮ ለተንኪኤል በከንፈራቸው ብቻ መለሱለትና ከዝናቡ ይዘውት ገቡ።