ያጠፋነው ምድጃ

ሆሳዕና ገበያ ባለሱቁ ጨው ሊጠቀልልልኝ የዘረጋው ወረቀት ወፍራም ነበር፤ እንደ ደረቅ ኮባ ተንኮሻኮሸ። አሮጌ ካርታ ነው። ወንዛችን የሚታጠፍበትን ሜዳ ወዲያው ለየሁት።

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ልጅ ነበርኩ። አንድ ፈረንጅ ከወታደሮች ጋር መጥቶ ከሜዳው ማዶ ጉብታው ላይ ባለ ሦስት እግር መነጽር ተከለ። አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነበር፤ አንዳንዴ ተደብቆ እኛ ጋ ያድራል። እናቴ ፈረንጁን እንዳየች ምድጃው ላይ ውሃ ቸለሰችበት። የረጠበ አመድ ሽታ ጎጆውን ሞላው። ከዚያ ጎትታ አወጣችኝና እንሰቱ መሃል አቅፋኝ ተቀመጠች።

«ለምን አጠፋሽው?» አልኳት።

«ጭሳችንን ካየ ይጽፈናል። ወረቀት ላይ የገባ ቤት መሸሸጊያ የለውም።»

አልገባኝም። ልቧ ግን ጀርባዬ ላይ ይደልቅ ነበር። ፈረንጁ መነጽሩን ቀስ እያለ አዞረው፤ ወደኛ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጻፈ።

ካርታው ላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ አጠገብ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ለብቻዋ አለች። ቤታችን ናት።

«ምን አገኙ፣ እማማ?» አለኝ ባለሱቁ።

«ምንም» አልኩትና ነጥቧን በአውራ ጣቴ ሸፈንኳት።